በሲባጎ የመጣው ስረ ብዙ

ነገሌ፣ ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓብዱልወሃብ፣

ሱቁ ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታሸገ።

ሰላምታውን ወደ ኋላ ያደረግኩት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክብረ መንግሥት እንዳይደርስ ብዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፆሙም እየተገፋ ነው። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናችሁ ብዬ አምናለሁ።

አምሳ አለቃ ኃይለመስቀልን ታስታውሰዋለህ። የጦሩ ግቢ በር ፊት ለፊት የሚኖረው፣ አምና ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ አንተ ዘንድ ምሳ የበላው ረጅሙ ሰው። የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ከረመ። ሚስቱ ወለላ ዓርብ ግንቦት 7 ቀን መጥታ ለዚሁ በሽታ መድኃኒት የሚሆነውን ስር፣ ስረ ብዙን፣ ከእኔ ገዛች። ስሩን እንደ ወጉ ቀጥቅጣና ዘፍዝፋ ከማር ጋር ሦስት ጠዋት አጠጣችው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያስመልሰው ጀመር፤ እጅ እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አንደበቱ ተያዘ። አሁን በጦሩ ክሊኒክ ተኝቷል። ሰው አይለይም።

ትናንት ሁለት ፖሊሶችና የቀበሌው ሊቀ መንበር መጡ። የቀረኝን ስር በሙሉ በከረጢት ወሰዱ። በሩ ላይ «እስኪጣራ ድረስ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ከተባለ ንግድ ፈቃዴ ይሰረዛል፤ ሰውየው ከሞተ ደግሞ እታሰራለሁ። ይህን የነገረኝ ሊቀ መንበሩ ነው። ሊያስፈራራኝ ያለው አይመስለኝም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

አሁን ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። ጎሊቻ ስሩን ሁልጊዜ በልጥ ነው የሚያስረው። አሥራ አንድ ዓመት ከደኑ ሲቆፍርልን ሌላ ማሰሪያ አይተን አናውቅም። ይህኛው በነጭ ሲባጎ ታስሮ ነው የመጣው። ሾፌሩ ዱቤ በሚያዝያ መጨረሻ ከመኪናው ሲያወርደው አይቼ ምክንያቱን አልጠየቅኩትም። አንተ ከማን እጅ ተቀበልከው?

ሁለተኛው። ዱቤ ቅዳሜ ሲገባ «ዓብዱልወሃብ ካሁኑ ስር ስንት እስር ቀረሽ ብለህ ጠይቃት ብሎኛል» አለኝ። እንዲህ ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ቅዳሜ ደግሞ ኃይለመስቀል የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣበት ቀን ነው። ለምን ጠየቅክ?

እህትህ ጠይባ

*

ክብረ መንግሥት፣ ግንቦት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

እህቴ ጠይባ፣

ደብዳቤሽን ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበልኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤቱ ሁሉ በጣም አዘነ። ትንሿ በድሪያ «አክስቴን አሰሯት?» እያለች ስታለቅስ ዋለች። እዚህ ዝናቡ አላቆመም፤ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ድልድይ ላይ ሁለት መኪና ተይዞ አድሯል። እኔ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።

ስሩ የጎሊቻ ነው። ጎሊቻ ደኑን እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ቅጠሉ ድንብላል የሚመስለውን እየለየ ነው የሚያወጣው። እሱ ሌላ ነገር ቆፈረ ብሎ የሚከሰው ሰው ካለ ሰውየውን አያውቀውም ማለት ነው።

ስንት ቀረሽ ያልኩት ለሚቀጥለው ጭነት እንዲያመቸኝ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አታስቢ።

ሲባጎውን ካነሳሽ አይቀር መንገዱን አስቢው። ከዚህ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ኬላ ላይ ለወርቅ ይፈተሻል። ፍራሽ ይተረተራል፤ የዱቄት ጆንያ በብረት ይወጋል። የስር እስርም አይተርፍም። ከተፈታ በኋላ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው የጫነው ሰው ነው። ዱቤን አልከሰውም። የብዙ ሰው ዕቃ ይጭናል ማለቴ ነው።

ለፖሊስ ያየሽውን ተናገሪ፤ ያላየሽውን አትጨምሪ። ያየሽው ሲባጎ ነው።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ለወለላ ስትሰጫት ቀምሰሽ ነው?

ይህን ደብዳቤ በዱቤ እጅ አልላክሁትም። ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

ወንድምሽ ዓብዱልወሃብ

*

ነገሌ፣ ግንቦት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ዱቤ ትናንት ታሰረ።

እንዳልከኝ ያየሁትን ተናገርኩ። በልጥ ይመጣ የነበረው በሲባጎ መምጣቱን፣ ከመኪና ያወረደውም ዱቤ መሆኑን። መርማሪው ሌላ ብዙ አልጠየቀኝም። ዱቤ ጨው ጭኖ ወደ ፊልቱ ሊያልፍ ሲል ነዳጅ ማደያው ጋ ያዙት፤ እኔም ፊት ለፊት እንድናገር ተጠራሁ።

እንደገባሁ «አካም ጠይባ፣ ናጋ ነሽ?» አለኝ፣ ገበያ የተገናኘን ይመስል። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ ሲባጎ ከሆነ ወንጀሌ የመኪናዬንም የፊት መከላከያ ብረት በሲባጎ ነው ያሰርኩት። እሱንም እሰሩልኝ» አለ። ፖሊሶቹ ሳቁ። አንዱማ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። ግን አሰሩት።

ሲያስወጡት አጠገቤ ሲደርስ፣ «አንቺ ነሽ ያልሽው?» አለኝ።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አልኩት።

«ያየሽውን» አለና አንገቱን ነቀነቀ።

ዛሬ ጠዋት የሱቁ በር ላይ የነበረውን ወረቀት አነሱልኝ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው በጥፍሩ የላጠው። ኃይለመስቀል እንደዚያው ነው። ወለላ በሱቁ ፊት ስታልፍ ሰላም አላለችኝም።

ስለ መቅመሱ ለጠየቅከኝ፣ የአባታችንን ደንብ አልረሳሁትም። ሻጩ ገዢው ፊት ጫፉን ነክሶ፣ ምራቁ ቢጫ ሆኖ ምሬቱ ምላሱን እስኪይዘው ያኝካል፤ ከዚያ ይሰጣል። ቢጫ የሆነ ስር ሞልቷል፤ እንደ ስረ ብዙ የሚመር ግን የለም ይል ነበር። ይህን ደንብ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። አንተስ ስትቀበል ቀምሰሃል?

አንድ ነገር አልገባኝም። ስለ ዱቤ የጻፍክልኝ እኔ ስሙን በክፉ ሳላነሳ ነው።

ጠይባ

*

ክብረ መንግሥት፣ ግንቦት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

እህቴ ጠይባ፣

ዒድ ሙባረክ። ለሚመጣው ዓመት በሰላም ያድርሰን። ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው መስጊድ ሄዱ፤ ጭቃው ግን ከመመለሳቸው በፊት አሮጌ አደረገው። ሱቅሽ በመከፈቱ እጅግ ደስ ብሎናል። በድሪያም አሁን ትበላለች።

ለጥያቄሽ፣ በእኔ በኩል የጎደለ ነገር የለም።

ጎሊቻን ስሙንም አታንሺ። በመጋቢት በመንደር ምሥረታው እነሱም ቤታቸውን አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር ገብተዋል። ከመንደር ወጥቶ ደን ገባ ማለት ዛሬ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም። ዱቤንም ሄደሽ አትጠይቂው። ሰው ያይሻል፤ የታየ ነገር ደግሞ ይጠየቃል።

ያለፈው ደብዳቤሽ ፖስታ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ መሰለኝ። ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንቺ ከሆንሽ ሁለቴ የለጠፍሽው ንገሪኝ። ካልሆንሽ ከእንግዲህ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ እንጻጻፍ።

ወንድምሽ ዓብዱልወሃብ

*

ነገሌ፣ ግንቦት 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዓብዱልወሃብ፣

ሁለቴ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከዘጋሁት በኋላ ስለ ዱቤ ያለችውን የመጨረሻዋን መስመር ልጨምር ከፍቼው ነበር። ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ግን ዛሬ አልጽፍም።

ጎሊቻ ከመጋቢት ጀምሮ አዲሱ መንደር ከሆነ የሚያዝያውን ስር ማን ቆፈረው? ይህን የጻፍከው አንተው ነህ። ደብዳቤህን እያነበብኩ እዚያ ላይ እንደደረስኩ ወለላ ገባች።

ነጠላዋን አላወለቀችም። አልተቀመጠችም። በመሐረብ የቋጠረችውን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጣት የምታህል ስር ናት፤ ፖሊስ ሳያገኛት ከሙቀጫው ሥር የቀረች።

«እትዬ ጠይባ፣ ያን ዕለት ፆም ላይ ነበሩ» አለችኝ። «አሁን ፆም የለም። ይቅመሱት።»

እኔ ስሩን እንጂ እሷን ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ልቅመስልዎት ብዬ ነበር» አለች። «እኔ ፆም ላይ አይደለሁም፣ ልቅመሰው አልኩ። እርስዎ ምን አሉኝ?»

ያልኳትን አስታውሳለሁ። «የእኔን ዕቃ ትጠራጠሪያለሽ እንዴ?» ነው ያልኳት። ስቄ ነው ያልኩት፤ ግን እጄን ከስሩ ላይ አላነሳሁም።

ነከስኩት። ምራቄ ቢጫ ሆነ፤ ምሬት ግን የለውም። መጀመሪያ እንደ ጥሬ ድንች ነው፤ ቆይቶ ከንፈርን ያደነዝዛል። ተፋሁት። አፌን ስጉመጠመጥ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሞተ ብዬ እንዳልመጣሁ ያውቃሉ» አለች በመጨረሻ። «ትናንት ውሃ ጠየቀኝ። የመጣሁት የታሰረው ሰውዬ እናት እኔን ይቅርታ ስለጠየቀችኝ ነው። ልጅሽ ባሏን ገደለ ብለዋት ከአሬሮ መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር። እኔ ማንን ይቅር እንደምል አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?» ስሯን መልሳ ቋጥራ ይዛ ሄደች።

አባታችን በረመዳን የስሩን ሳጥን ይዘጋ እንደነበር ታስታውሳለህ? አንድ ወር ሙሉ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። ለዲኑ ብሎ፣ ከንግድ ሊያርፍ ነው ብለን ነው ያደግነው። አሁን ገባኝ። ቀን መቅመስ ስለማይችል ነው የሚዘጋው።

ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ለዱቤ ምሳ ይዤ ነበር። በር ላይ ያለው ፖሊስ ሳህኑን ከፍቶ «ቅመሺ» አለኝ። ምግብ የሚያስገባ ሰው ፊቱ መቅመስ አለበት። ቀመስኩ።

ዱቤ ከስቷል፤ አፉ ግን አልከሳም። «ጨው የለውም» አለኝ ገና አንድ ጉርሻ ሳይውጥ። «መኪናዬ ላይ አርባ ኩንታል አለ፣ ሂጂ ዝገኚ።»

ስለ ሲባጎው ጠየቅኩት። ኬላ ላይ ልጡን በካራ በጥሰው ስሩን በትነው ፈተሹት። ጭቃ ላይ እንዳይቀር እየለቀመ ከመኪናው ባገኘው ሲባጎ አሰረልን። ለእኔ ብሎ ያደረገው ነው፤ እኔ ለፖሊስ የሰጠሁትም እሱን ነው።

«ስሩን ከማን እጅ ጫንክ?» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። «አታውቂም?» አለኝ። «አንዲት ሴት ናት ያመጣችው። ወንድምሽ፣ ጎሊቻስ የት አለ ሲላት፣ እሱ ነው የላከኝ አለች። እኔ ጎማ እያጠበቅኩ ነበር፤ አቦ ጎሊቻ ይህችን ደግሞ ከየት አገኛት ብዬ ቀለድኩ። ወንድምሽ አልሳቀም።»

«ይህን ለምን ለመርማሪው አልተናገርክም?»

«እናንተ ወንድምና እህት ናችሁ። ተነጋግራችሁ እኔን የመረጣችሁ መሰለኝ። ሁለታችሁም እኔን ከመረጣችሁ እኔ ማንን ልምረጥ?»

እኔ ሳልቀምስ ሸጫለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አንተስ?

ጠይባ

*

ክብረ መንግሥት፣ ግንቦት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጠይባ፣

አልቀመስኩም።

ሴትዮዋ የመጣችው ሚያዝያ 28 ቀን ነው፤ ረመዳን ከገባ ሳምንቱ ነበር። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣችም። ጎሊቻ ላከኝ አለች። በልጥ ታስሯል፤ ስቆርጠው ቢጫ ነው። አፌ ላይ አላደረስኩትም። ነገሌ ሲደርስ ጠይባ ትቀምሰዋለች አልኩ።

ግንቦት 6 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጎሊቻ ራሱ መጣ። በሬ ሊሸጥ ነበር። ስሩ ደረሰልህ ስለው «የምን ስር? ከመጋቢት ወዲህ ደን አልገባሁም» አለኝ። ሴትዮዋንም አያውቃትም። ስሙን ሰምታ እንጀራ ልታገኝ የፈለገች ሰው ናት መሰለኝ፤ ከእርሻ ዳር ያገኘችውን ቆፍራ ይሆናል።

በማግስቱ ዱቤ ሊነሳ ሲል «አትሽጪው በላት» ብዬ ልነግረው ወጣሁ። መኪናው ላይ አምስት ሰው ተጭኗል። የዓብዱልወሃብ ስር ተበላሸ ተብሎ ገበያው ሁሉ እንዳያወራ ፈራሁ። «ስንት ቀረሽ ብለህ ጠይቃት» አልኩት። ብዙ ቀረኝ ካልሽ ቀስ ብዬ አስመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ቃሉን ለውጬ ባልናገር ኖሮ ሰውየው ከመጀመሪያው ብርጭቆ ሌላ አይጠጣም ነበር። ይህን ከዚያ ቀን ወዲህ በየሶላቱ አስበዋለሁ።

አሁን አንቺም መልሺልኝ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ አጻጻፉ ያንቺ አይመስልም። ማን ምን እንዳለ ቃል በቃል፣ ልክ የምስክር ቃል። አጠገብሽ ቆሞ የሚያጽፍሽ ሰው አለ? ካለ፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ ጻፊው፤ እረዳለሁ።

ከሌለ ደግሞ ስሚኝ። እሑድ ሰኔ 7 ምርጫው ነው፤ እስከዚያ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም፤ መምጣት አልችልም። እስኪያልፍ ዝም በዪ። ኃይለመስቀል ከዳነ ክሱ ይቀልላል ይላሉ። ዱቤ ብቻውን ነው። አንቺ ሱቅ አለሽ፤ እኔ ስድስት ልጅ አለኝ።

ዓብዱልወሃብ

*

ነገሌ፣ ሰኔ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓብዱልወሃብ፣

እስክሪብቶው ሰማያዊ ነው። ማንም አላጻፈኝም።

ዱቤ ብቻውን አይደለም። እናቱ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ግንዱ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ምሳ ይዤ ስሄድ በር ላይ ስቀምስ ታየኛለች። አማርኛ ብዙ አትችልም፤ ማን እንደሆንኩም አታውቅም። በኦሮምኛ ትመርቀኛለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግኩ። አራተኛውን ቀን አልችልም።

ኃይለመስቀል ትናንት ተደግፎ ተቀመጠ። ቢጫው ከዓይኑ አልወጣም፤ ቀኝ እጁም አይታዘዝለትም። ሐኪሙ ሲጠይቀው ስሩ ይመር እንደነበር አላውቅም፣ ማር ነበረበት ብሏል። ወለላ ያቺን ስር ለመርማሪው ሰጥታለች። እኔ ሳልቀምስ መሸጤን ግን እንዳልተናገረች ሰማሁ። ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት፣ «እርስዎ ይናገሩ ብዬ ነው» አለችኝ።

ሱቁን ዛሬ ራሴ ዘጋሁት። ለመርማሪው ቃሌን እንደምለውጥ ነግሬዋለሁ። «ሴትዮ፣ የተከፈተልሽን በር ነው የምትዘጊው» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሌላ ሰው በዚህ ውስጥ አለ ወይ ሲለኝ የራሴን ብቻ ነው የማውቀው አልኩት። ያንተን ደብዳቤዎች አላሳየሁትም። ግን አላቃጠልኳቸውም። ጎሊቻንም አላነሳሁም፤ እሱ ያላደረገውን አላደረገም ብሎ መመስከር ያለበት አንተ ነህ።

ያልተቀመሰው በአንዳችን ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሌላችን ቤት ይይዘው ነበር። እኔ ብቻዬን ተናግሬ ዱቤ የሚፈታ ከሆነ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። መርማሪው ግን በሲባጎ የታሰረው ከመንገድ በፊት ምን እንደነበረ የሚናገር ሰው ከሌለ ሾፌሩ እንዲሁ አይለቀቅም ብሎኛል። ያን የሚናገር አንድ ሰው ነው ያለው።

የይለፍ ወረቀት ከምርጫው ማግስት፣ ሰኞ፣ መስጠት ይጀምራሉ። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ከእናንተ የሚነሳው መኪና መንገዱ ካልያዘው ከሰዓት በኋላ እዚህ ይገባል። አልጋህን አንጥፌዋለሁ። ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በድሪያን አክስትሽ ደህና ናት በላት።

የዱቤ ችሎት ረቡዕ ሰኔ 10 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

እህትህ ጠይባ